ወንድሜ ይግባኙን የተወ ሰሞን

ሽማግሌ አከብራለሁ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ቀጥዬ የማወራውን ስትሰሙ «ይቺ ሴትዮ ምን ዓይነት ስድ ናት!» ማለታችሁ አይቀርም። ስድ አይደለሁም፤ ቁጡ ነኝ። ቁጣዬም ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ከዓርብ እስከ ሰኞ ያየሁትን እናንተም ብታዩት ኖሮ ወይ ጨርቃችሁን ትጥሉ ነበር፣ ወይ እንደኔ ትሆኑ ነበር።

ስሜ ዘነበች ነው፤ ሰፈር ውስጥ ዜኒ ይሉኛል። ነገሩ የሆነው ቃሊቲ ድረስ የሚመጣው ቀላል ባቡር ገና ወሬ በነበረበት ጊዜ ነው። ያኔ አቃቂ አንድ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ማሸጊያ ክፍል እሠራ ነበር። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሲሞት ለእማዬ፣ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለደረጀ ሐዲዱ አጠገብ ያለችውን ቤት ትቶልን ሄደ። ደረጀ የከባድ መኪና ረዳት ነው። ልቡ ንጹሕ ነው፤ ሲናደድ ግን እጁ ይቀድመዋል።

ቃሊቲ አንድ ጎሚስታ ቤት አለ። የባለቤቱ ልጅ ነስሩ የጠገነለት ጎማ መንገድ ላይ ፈነዳ፤ መኪናው ሊገለበጥ ምንም አልቀረው። ደረጀ ተመልሶ መጣና «ልትጨርሰን ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸ። ነስሩ ደግሞ «ጎማህ ድሮም ያለቀለት ነው» አለው። ተሰዳደቡ፣ ተያያዙ፣ ደረጀ የጎማ መፍቻውን ብረት አነሳ። አንድ ጊዜ ነው የመታው። የነስሩ ቀኝ ክንድ ክርኑ ላይ ተሰበረ፤ ታክሞ ቢድንም ዳግመኛ አልዘረጋ አለ። ጎማ እያነሳ የሚያድር ሰው ነው፣ እንግዲህ አስቡት። ወንድሜ አጥፍቷል። ያኔም አልካድኩም፣ ዛሬም አልክድም።

ቅጣቱ ሲነበብ ግን ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ደረጀ ከዚያ ቀደም አንድ የዓመት በዓል ሰሞን በድብድብ ተከሶ ጥቂት ወራት ታስሮ ነበር። ዳኛው «ደጋጋሚ ነው፤ በዚያ ላይ አደገኛ መሣሪያ ተጠቅሟል» ብለው ቅጣቱን አከበዱትና ስምንት ዓመት ፈረዱበት። እማዬ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ዝልፍልፍ አለች።

መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ሕይወት የምትባል ልጅ እግር ወጣት ናት። ክንዷ ላይ እስከ አገጯ የሚደርስ ፋይል ተሸክማ ስትሮጥ ነው የማውቃት። ከችሎት ስንወጣ ኮሪደር ላይ ያዝኳትና «በቃ? አለቀልን?» አልኳት።

«አላለቀም፤ ይግባኝ እንላለን» አለችኝ። «አላጠፋም ብለን አይደለም የምንከራከረው። ክርክራችን ስለ ማክበጃው ነው። ቀድሞ ዳኛ ቅጣት ሲያከብድ መጠኑን በራሱ ሚዛን ነበር የሚወስነው። አሁን አዲስ የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ወጥቷል። እያንዳንዱ ማክበጃ ቅጣቱን ምን ያህል እርከን ከፍ እንደሚያደርገው ተለክቶ ተቀምጧል። የወንድምሽ ቅጣት የተሠራው ግን በድሮው ሚዛን ነው። በአዲሱ ቢሠራ ይወርዳል።»

«በብዙ?»

«በደንብ ይወርዳል።»

እኔ ሕግ አላውቅም፤ ይቺ ግን ገባችኝ። ሚዛኑ ተቀይሯል፣ ዕቃው በአዲሱ ይመዘንልን። በቃ፣ ይኸው ነው። ይግባኛችን ገባ፤ ልደታ ያለው ይግባኝ ሰሚ ችሎት መልስ ሰጪውን ዐቃቤ ሕግ ጠርቶ ለሰኞ ቀጠረን። እኔም ሰኞን እንደ ፋሲካ መጠበቅ ጀመርኩ።

ዓርብ ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቄ ለደረጀ ስንቅ ይዤ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ያሉት ኪዮስኮች አንዱ ጋ ስልኬን አስቀመጥኩ፣ ተሰለፍኩ፣ ተፈተሽኩ፣ ያመጣሁትን ሽሮ ፈታሿ ፊት ቀመስኩ። መጠየቂያው ቦታ ጠያቂና ታራሚ በአጥር ተለያይተው የሚነጋገሩበት ነው፤ ሁሉም እኩል ስለሚጮህ ማንም ማንንም በወጉ አይሰማም። በቀኜ ያለች ሴት ባሏን ስለሚያፈስ ጣሪያ ትጮህበታለች፤ በግራዬ ያሉ አዛውንት ስለ አንድ ላም ያወራሉ። ደረጀ መጣ። ፊቱ ፈክቷል፤ ገና ሳየው ደስ አለኝ።

«ሰኞ እንዳትረሳ!» አልኩት ጮክ ብዬ። «ዳኞቹ ሲጠይቁህ ሕይወት እንደነገረችህ ብቻ መልስ!»

«ዜኒ፣ እሱ ነገር እኮ አልቋል።»

«ምኑ?»

«ይግባኙን ትቼዋለሁ።»

የሰማሁ አልመሰለኝም። «ምኑን ነው የተውከው?»

«ይግባኙን! ፈርሜያለሁ!»

የጣሪያዋ ሴት እንኳን ዝም ብላ ዞራ አየችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያው ሳምንት የእድራችን ዳኛ ጋሽ አሰፋ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሊጠይቁት መጥተዋል። ጋሽ አሰፋ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነበሩ፤ እኔን አዝለው ያሳደጉኝ ያህል ናቸው። ከነስሩ አባት ከሐጂ ከድር ጋር እርቅ ሲያመላልሱ ከርመው ተሳክቶላቸዋል። «ሐጂ ይቅር ብለውሃል» አሉት። «ለመንግሥት የይቅርታ ጥያቄ እናስገባልሃለን፤ ሰፈሩ በሙሉ ይፈርማል፤ ሐጂም ይፈርማሉ። አንተ ግን ክርክሩን ተው። ሐጂ ‹እየታረቀኝ የሚከራከረኝ ከሆነ እርቅ የለንም› ብለዋል።» ወንድሜም እሺ ብሎ ይግባኙን መተዉን ጽፎ ፈረመ፤ ወረቀቱም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ።

«ጠበቃህን አማከርክ?»

«ጋሽ አሰፋ እኮ ናቸው ዜኒ! ምን ብዬ እምቢ ልበላቸው?»

«‹እምቢ› ብለህ!»

«አንቺ ብትሆኚ ትያቸው ነበር?»

እኔ? እላቸው ነበር! ይህን ልጮህበት አፌን ስከፍት ሰዓት አለቀ ተባለና ወሰዱት። ሲሄድ እጁን አውለበለበልኝ፤ ያ የፈካ ፊቱ አንጀቴን አሳረረው።

ስልኬን ከኪዮስኩ ተቀብዬ እዚያው ቆሜ ሕይወት ጋ ደወልኩ።

«ማነው ይህን የመከረው?» አለች።

«ሽማግሌዎች ናቸው።»

«ይቅርታና ይግባኝ አብረው አይሄዱም እህቴ። ይቅርታ የሚጠየቀው ክርክር ካለቀ በኋላ ነው። ይግባኙን ጨርሰን ቅጣቱን አስቀንሰን ይቅርታውንም መጠየቅ እንችል ነበር እኮ! አሁን መዝገቡ ከተዘጋ መልሶ ማስከፈት በጣም ከባድ ነው።»

«ይቅርታው ቢከለከልስ?»

«ስምንቱንም ዓመት በእጁ ይዞ ይቀራል።»

«ምን ይሻላል?»

«ሰኞ ዳኞቹ በፈቃድህ ነው ወይ ብለው ይጠይቁታል። ያኔ ‹ክርክሬ ይቀጥል› ካለ እኔ እጨርሰዋለሁ። እሱ ብቻ ይናገር። ይናገራል?»

ደረጀ? ጋሽ አሰፋ በተቀመጡበት? «እኔ ላናግራቸው» ብዬ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ አሰፋ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ «ረጋ በይ ዜኒ፣ ረጋ በይ» እያልኩ ነው የሄድኩት። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ፤ ለምስጋና የመጣሁ መስሏቸው ኖሯል። ወንበር አቅርበውልኝ፣ የሐጂን እግር ለመሳም ስንት ጊዜ በዝናብ እንደተመላለሱ አጫወቱኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው የደከሙልን። ይኼ ደግሞ ነገሩን አባሰብኝ፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ተሳድቤ እገላገል ነበር።

«ጋሽ አሰፋ፣ እግዜር ይስጥልን» አልኩ። «ግን ይግባኙን ባያስተዉት ጥሩ ነበር።»

«እንዴት ሆኖ? እግር ስመን ‹አጥፍተናል› ብለን ተንበርክከን፣ ሰኞ ደግሞ ‹ተበድለናል› ብለን ፍርድ ቤት ልንቆም? ይኼ ምን የሚሉት እርቅ ነው?»

«ተበድለናል አንልም! አዲስ መመሪያ ወጥቷል፣ ቅጣቱ በሱ ይለካልን ነው የምንለው።»

«ያው ክርክር ነው።»

«የምንከራከረው ከሐጂ ጋር አይደለም እኮ፤ ከመንግሥት ጋር ነው!»

«የተሰበረው የማን ልጅ ክንድ ነው? የመንግሥት?»

በሌላ በኩል ሞከርኩ።

«እሺ፣ ይቅርታው ባይፈቀድስ?»

«ለምን አይፈቀድም? ያ ሁሉ ሰው ፈርሞ!»

«ባይፈቀድስ ግን?»

«ይፈቀዳል።»

«እኮ፣ ባይፈቀድስ?»

«አንቺ ልጅ፣ አታሟርቺ!»

አበስኩ ገበርኩ! ደሜ ፈላ። «ስምንት ዓመቱን እርስዎ ይታሰሩለታል?» ብዬ ቁጭ። የደረቡት ጋቢ ተንሸራቶ ወደቀ፣ አላነሱትም። ዓይናቸው ውስጥ ያየሁት ንዴት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ያዘኑብኝ ነው የመሰለኝ። «አባትሽ ይህን ሳይሰማ እንኳን ሞተ» አሉኝ። ተነስቼ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። እማዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«የሽማግሌ እግር ከደጄ እንዲቀር ነው የፈለግሽው?»

«ልጅሽ ከእስር ቤት እንዲወጣ ነው የፈለግኩት!»

«ሰኞ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው።»

«ሰኞ ፍርድ ቤት ነኝ!»

«እንግዲያው እሑድ ጠይቂያቸው።»

እማዬ እንዲህ ናት። ልጇን ትወዳለች፣ ሽማግሌም ትፈራለች፤ ሁለቱ ሲጋጩባት ቀን ነው የምትቀይረው። እሑድ ግን የሄድኩት ጋሽ አሰፋ ጋ አይደለም። ልቤ «ከምንጩ ስሚ» አለኝና በቀጥታ ወደ ጎሚስታ ቤቱ ሄድኩ። የመታው ሰው እህት ሆኜ፣ ብቻዬን፣ ሽማግሌ ሳላስቀድም። እንዲህ አይደረግም።

ሐጂ ከድር ኮፍያቸውን እንዳደረጉ በራፉ ላይ የጎማ ክምር ተደግፈው ቆመዋል። የስልጤ ሰው ናቸው፤ ቃሊቲ ሲገቡ ገና ጎረምሳ ነበሩ ይባላል። ማንነቴን ስነግራቸው አዩኝና በርጩማ አመለከቱኝ። አልተቀመጥኩም።

«አባባ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ወንድሜን ‹ይግባኙን ካልተወ አልታረቅም› ብለዋል?»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

«ወላሂ አላልኩም። ይግባኝ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም። እኔ ያልኩት ‹ዳኛ ፊት ቆሞ ልጄን ጠብ ጫሪ እንዳይለው፤ ስሙን እንዳያጠፋ› ነው። ይኼን ብቻ ነው ያልኩት።»

በርጩማው ላይ ዘጭ አልኩ። ገባኝ። እናንተም ሽማግሌ የላካችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። እኛ ሰፈር ሽማግሌ የሰማውን ቃል እንደወረደ አያደርስም። እዚህ የተባለውን ያለሰልሳል፣ እዚያ ሲደርስ ያጠነክራል፣ ለዚህኛው «በጣም ተጸጽቷል»፣ ለዚያኛው «ከልባቸው ይቅር ብለዋል» ይላል። ካልጨመረበት እርቅ አይወርድማ! ሥራው እንደዚያ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ጋሽ አሰፋ «ስሙን እንዳያጠፋ» የምትለዋን ተቀብለው፣ መንገድ ላይ አሳድገው፣ ማረሚያ ቤት ሲደርሱ «ክርክሩን ይተው» አድርገዋታል። ለእሳቸው ይኼ ውሸት አይደለም፤ እርቁን ማሳመር ነው። ወንድሜ ግን በዚያች ባማረች ቃል ምክንያት ስንት ዓመቱን ሊያጣ ነው።

«አባባ፣ ነገ ልደታ ይምጡና ይህንኑ ይንገሩልኝ» አልኩ።

ፊታቸው ወዲያው ተቀየረ። «ማንን? ጋሽ አሰፋን ሰው ፊት ‹ዋሸህ› ልበለው?»

«አይ፣ ያሉትን ብቻ…»

«ያው ነው። ያ ሽማግሌ ደጄ ላይ በዝናብ ተንበርክኳል። እኔ አሁን አላዋርደውም።»

«ወንድሜስ?»

«ወንድምሽ አፍ አለው አይደል?» አሉኝ።

የለውም! አፍ ቢኖረውማ ኖሮ! አንዱ ሽማግሌ እንዳያፍር፣ ሌላው ሽማግሌ እንዳይከፋ፣ እማዬ እንዳታፍር፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ሲጠነቀቅ ደረጀ እስር ቤት ሊያረጅ ነው። ወይ ነዶ! ከዚያ ሳሪስ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ፤ ታክሲ ውስጥ ብገባ ከረዳቱ ጋር ስለምጣላ ነው።

ሰኞ ጠዋት ልደታ። እኔና ሕይወት ቀድመን ደረስን። ጋሽ አሰፋና ሁለቱ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰላም አልኳቸው፤ በአንገታቸው ብቻ መለሱልኝ። ደረጀን ፖሊስ ይዞት ገባ። ሦስቱ ዳኞች ተሰየሙ። የእኛ ከመድረሱ በፊት ሌሎች መዝገቦች ተጠሩ።

የመሐል ዳኛው ወረቀቱን አነሱ። «ይግባኝ ባይ፣ ይህ ፊርማ ያንተ ነው?»

«ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ይግባኝህን የተውከው በፈቃድህ ነው?»

ደረጀ ዞሮ ጋሽ አሰፋን አያቸው።

«ወደዚህ ተመልከት። የምጠይቀው አንተን ነው። በፈቃድህ ነው?»

«እነሱ… እንዳሉት ይሁንልኝ።»

«እነሱ እነማን ናቸው?»

«ሽማግሌዎቹ።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «እዚህ መዝገብ ላይ ሽማግሌ የሚባል ተከራካሪ የለም» አሉ። «ይግባኝ ባይ አንተ ነህ። ይቀጥል ወይስ ይዘጋ?»

ደረጀ አንገቱን ደፋ። ሕይወት ከጎኑ ሆና በሹክሹክታ ትነግረዋለች፤ አይሰማትም። ዝም አለ። ዝም። ቀጥ ብሎ ቆሞ ዝም! ጋሽ አሰፋም ቀጥ ብለው ተቀምጠው ዝም። ዳኛው እስክሪብቶ ሲያነሱ አየሁ፤ «ሊዘጉት ነው» አልኩና ብድግ አልኩ።

«ክቡር ፍርድ ቤት! ወንድሜ ይሉኝታ ይዞት ነው! ያልተባለ ነገር ነው የነገሩት! እኔ ልናገርለት!»

«ተቀመጪ።»

«የነስሩ አባት እንደዚያ አላሉም! እኔ ራሴ ጠይቄያቸዋለሁ!»

«አስወጧት።»

ፖሊሱ ክንዴን ይዞ እየጎተተ አስወጣኝና በሩን ዘጋው። ያን ሁሉ ቀን ሮጬ፣ ዋናዋ ሰዓት ስትደርስ ኮሪደር ላይ ቆሜ የተዘጋ በር አያለሁ! «አንድ ቃል ድገሚና ታድሪያታለሽ» አለኝ ፖሊሱ። ግድግዳውን ተደግፌ እንባዬ መጣ።

በዚህ መሀል ከኮሪደሩ ጫፍ ሐጂ ከድር እያለከለኩ ሲመጡ አየሁ። መንገዱ ተዘጋግቶባቸው ዘግይተዋል። አላየሁሽም እንደሚል ሰው አንገታቸውን ደፍተው በአጠገቤ አለፉ።

«ምስክር ነዎት?» አላቸው ፖሊሱ።

«አይ፤ የተጎዳው ልጅ አባት ነኝ።»

አስገባቸው። በሩ እንደገና ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ ጆሮዬን በሩ ላይ ልለጥፍ ብል ፖሊሱ «ዞር በይ» አለኝ። ውስጥ ምንም አይሰማም። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም፤ ለእኔ ግን የስምንቱ ዓመት ግማሽ ነበር።

በሩ ተከፈተና ሕይወት ፋይሏን አቅፋ ወጣች። ላቧን እየጠረገች ትስቃለች።

«ቀጠለ!» አለችኝ። «ክርክሩን ሰሙን፤ ለውሳኔ ተቀጥሯል።»

«ተናገረ? ሐጂ ተናገሩ?»

«ማንም አልተናገረም። ሐጂ ገብተው ጋሽ አሰፋ ጎን ተቀመጡና በጆሯቸው አንድ ነገር አሏቸው። ጋሽ አሰፋ ትንሽ አሰቡና ለወንድምሽ ራሳቸውን ነቀነቁለት። እሱም ወዲያው ‹ይቀጥልልኝ› አለ።»

ጉድ እኮ ነው! ሕግ ወጥቶ፣ መመሪያ ታትሞ፣ ጠበቃ ቆማ፣ ሦስት ዳኞች ተሰይመው፣ እኔ ታስሬ ላድር ደርሼ፣ ነገሩ ሁሉ የተፈታው በአንድ ሽማግሌ አንገት! ልሳቅ ወይስ ልጩህ? ሁለቱንም አደረግኩ መሰለኝ፤ ፖሊሱ እንደገና አፈጠጠብኝ።

ሐጂ ሲወጡ ሮጬ ያዝኳቸው። «ምን አሏቸው?»

«‹ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያን ቀን በደንብ አላስረዳሁህም› አልኩት» አሉኝ።

አያችሁልኝ? እውነቱ ራሱ የደረሰው ለስልሶ ነው። ጋሽ አሰፋ አልዋሹም፣ ሐጂ አልከሰሱም፣ ማንም አላፈረም። ደረጀም ችሎቱ አልቆ ኮሪደር ላይ ካቴና ሲገባለት፣ ፖሊሱን ለምኖ ጎንበስ ብሎ የጋሽ አሰፋን ጉልበት ሳመ። የእኔን ዓይን እንኳን አላየም! ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝም።

በቀጠሮው ቀን ውሳኔው ተነበበ። ደጋጋሚነቱም ብረቱም አልተሰረዙም፤ ማክበጃ ሆነው ቆይተዋል። ግን በአዲሱ መመሪያ ተለክተው ስምንቱ ዓመት አምስት ሆነ። አመክሮው ሲታሰብ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እማዬ እልል አለች፤ ተው ቢሏትም አልተወችም። የይቅርታውም ጥያቄ በተራው ገባ፤ መልሱ መጣ፤ አልተፈቀደም። ጋሽ አሰፋ ይህን የሰሙ ቀን ቤታችን መጥተው ብዙ ተቀመጡ። ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ሲወጡ ግን ትከሻዬን ያዝ አድርገው ሄዱ። እኔም ለአባቴ ጓደኛ «እርስዎ ይታሰሩለታል?» ማለት አልነበረብኝም፤ ግን ደግሞ እውነት ነበር።

አሁን ደግሞ ያልጠበቅኩትን ልንገራችሁ። ውሳኔው በተነበበ ማግስት ሐጂን ላመሰግን ጎሚስታ ቤቱ ሄድኩ። ሐጂ የሉም። ያለው ነስሩ ነው። በግራ እጁ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ነፍቶ ውሃ በርሜል ውስጥ እየነከረ የተበሳበትን ይፈልጋል፤ ቀኝ ክንዱ ደረቱ ላይ እንደታጠፈ ነው። ከዚያ በፊት በቅርብ አይቼው አላውቅም ነበር።

«የደረጀ እህት ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«አባትህን ላመሰግን ነበር የመጣሁት። እርቁ ላይ…»

«አባቴ ታርቋል» አለኝ ቀና ሳይል። «ሽማግሌዎቹ ታርቀዋል። እናታችሁም ታርቃለች ሲሉ ሰማሁ። ክንዱ ግን የኔ ነው።»

እውነቱን ነው። ያ ሁሉ ሰው ሲመላለስ፣ እግር ሲሳም፣ ሲፈረም፣ ዳኛ ፊት ሲንቀጠቀጥ፣ ይህን ልጅ «አንተስ?» ያለው የለም።

«እሺ፣ አንተ ምን ትላለህ?» አልኩት።

ከመነዳሪውን ከውሃው አወጣ። ከዚያ፣ «ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ አላሰብኩበትም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገሬ ተቀይሯል። ጋሽ አሰፋ ራሳቸው ናቸው «ይቺን ልጅ ይዘን እንሂድ፤ ቃል አትጨምርም» ብለው ወደ ሽምግልና ያስገቡኝ። በሰፈራችን ከወንዶቹ ጋር ለእርቅ የምትቀመጥ ሴት እኔ ሆንኩ። ሽማግሌዎቹ አድካሚ ነሽ ይሉኛል፤ ምክንያቱም ገና ሳንነሳ «የተጎዳውን ሰው ራሱን ማን አናግሯል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አባቱን፣ አጎቱን፣ የሰፈሩን ሰው አይደለም፤ ራሱን። አንባቢዎቼ፣ እናንተም ነገ አማላጅ ሆናችሁ የሰው ደጅ ስትረግጡ ይህችን ጥያቄ ጠይቁ። የተባለውንም እንደተባለ አድርሱ፤ ካልጣፈጠም አይጣፍጥ። ለሰው እንደተሸከማችሁት ቃል የሚከብድ ነገር የለም፤ እኛ አንድ ቃል አሳምረን ስንት ዓመት ልናስከፍል ነበር።

ደረጀ ሊፈታ ሲል እድሩ ተሰበሰበ። ሽማግሌ ከፊት፣ ደረጀ ድንጋይ ተሸክሞ ከኋላ፣ ሰፈሩ በሙሉ ተከትሎ ጎሚስታ ቤቱ ድረስ ሄዶ እግር ላይ ይውደቅ ተባለ። በግም ተመርጦ ነበር። እኔ «ቆይ» አልኩና ነስሩ ጋ ሄጄ ጠየቅኩት። በዚያ ሁሉ ጊዜ አስቦበት ነበር ማለት ነው፤ ወዲያው መለሰልኝ።

«ይምጣ። ግን ብቻውን።»

ቃሉን እንዳለ አደረስኩ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፣ እማዬ «ቢመታውስ?» ብላ አለቀሰች፣ ጋሽ አሰፋ «እሱ ካለ ይሁን» አሉ። ደረጀ ከቃሊቲ በር ወጥቶ እማዬን አቅፎ ሳመና፣ ቤቱ እንኳን ሳይደርስ ወደዚያው ሄደ። ብቻውን። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ከበሩ ሲገባ አየሁት፤ ከዚያ አንድ ከባድ መኪና መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመና ከለለኝ።

ሲወጣ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። እጄን ያዘኝና ወደ ቤት ሄድን። ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም። እኔም፣ የምታውቁኝ ሰዎች ባታምኑኝም፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።